የጓሮ ጌሾ የጠማቂዋን ጋን ይጠብቃል

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው የአበው አነጋገር ለጠላ ጋን ሲነገር ሁለት ፍች ይኖረዋል። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ሆደ ሰፊው ጋን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከሥሩ ትንንሽ ጠጠር ይደረግለታል። ሁለተኛው በጋኑ ውስጥ ያለውን ይመለከታል። ገብሱ ብዙ ነው፤ ብቅሉም፣ ውሃውም ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ከመበላሸት ደግፎ ከሚይዙት ነገሮች ዋነኛው ግን በሚዛን ሲታይ ከሁሉም የሚያንሰው የጌሾ ቅጠል ነው።

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የምትገኘው ሸጎሌ በቁም እንስሳት ገበያዋ የታወቀች ሠፈር ናት። ነጋዴው፣ ደላላው፣ ከብት ነጂውና ገዢው በሚገናኙበት ገበያ አቅራቢያ ደግሞ ጠላ ቤት አይጠፋም። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ በደጅ ተተክሎ ከታየ፣ እዚያ ቤት ጠላ መኖሩን መንገደኛው ሳይጠይቅ ያውቃል። ለሽያጭ ከሚጠመቀው ሌላ የማኅበሩ፣ የሰንበቴው፣ የሠርጉና የተዝካሩ ጠላ አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠማቂነቱ ሥራ የሴቶች ነው። ከጠላ በሚገኝ ገቢ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶችም በየሠፈሩ አሉ።

የጌሾን ዋጋ ቀረብ አድርጎ ለመረዳት እንዲህ ባለ ሠፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባትና ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት ጠማቂ እናት ለምሳሌ ያህል ትወሰድ። ወሩ ጥር፣ ጊዜው የሠርግ ነው። ልጁን የሚድር ጎረቤት የሁለት ጋን ጠላ ያዛታል። እርሷም ገብሱንና ብቅሉን በብድር ትገዛለች፤ ማገዶውን በዱቤ ታመጣለች። ገበያው ስለ ጦፈ ጌሾም ተወዷል። ስለዚህ ርካሽ ነው የተባለውን፣ ነገር ግን የከረመውንና እርጥበት የነካውን ቅጠል ሸምታ ትገባለች። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያውን ጋን ከፍታ ስትቀምስ ጠላው ሆምጥጧል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠሩት በጥመቃ የታወቁ ዕድሜ ጠገብ ጎረቤት ናቸው።

«እማማ፣ እባክዎ ይህን ቀምሰው ይፍረዱኝ። እህሉ ነው ወይስ እጄ ነው ያበላሸው?» ትላለች።

«እህልሽ ደኅና ነው ልጄ። ይልቅ የተረፈሽን ጌሾ አምጪልኝ» ይሏታል።

አሮጊቷ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፤ ቆንጥረውም ያኝካሉ። አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ምሬቱም ምላስ ላይ አይቆይም።

«ጋኑንስ አጥነሽዋል?»

«ጊዜ አጠረኝና ያጠንኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የጌሾው ብቻ አይደለም» ይላሉ አሮጊቷ።

በምሳሌው ላይ ያለችው እናት የታጠነው ጋን ደኅና ሆኖ ቢወጣላት እንኳ የመጀመሪያው ለከብት መኖ ይሆናል፤ ብድሩ ግን ከነሙሉነቱ ይከፈላል። የሁለት ሳምንት ድካምም አብሮ ይደፋል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ለማስቀረት ጌሾ በጠላ ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም ጥሩውን ጌሾ በራስ ጓሮ ማግኘት ይቻላል።

የምሬቱ ጥቅም

ጌሾ በሳይንሳዊ አጠራሩ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ቅጠሉ ከላይ በኩል የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ቁጥቋጦው ሳይገረዝ ከተተወ እስከ 6 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አንሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተፈጥሮ ይበቅላል። በደቡብ አፍሪካ በቅጠሉ ማብረቅረቅ ምክንያት ለአጥርና ለግቢ ጌጥ ይተከላል። የመጠጥ መጥመቂያ አድርጎ ለብዙ ዘመን በስፋት የተጠቀመበት ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ሕዝብ ነው። በጠላ ውስጥ በይበልጥ ቅጠሉ፣ በጠጅ ውስጥ ደግሞ በይበልጥ እንጨቱ ይገባል።

ጠላ የሚፈላው በጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ነው። በጠላ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከእነዚህ መካከል ዋነኛው ለዳቦና ለቢራ የሚያገለግለው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የተባለው እርሾ ነው። ይህ እርሾ ከብቅሉና ከእህሉ የሚወጣውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ከእርሾው ጋር ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም ያድጋሉ። የእነርሱ ሥራ ስኳሩን ወደ አሲድ መለወጥ ነው። በመጠኑ ሲሠሩ ለጠላው ደስ የሚል ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይሰጡታል። ከመጠን ሲያልፉ ግን ጠላው ይሆመጥጣል።

የጌሾ ጥቅም ከዚህ ላይ ይመጣል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት መራራ ንጥረ ነገሮች የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት የመግታት ጠባይ አላቸው፤ እርሾው ግን ሥራውን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት እርሾው ቀድሞ ጋኑን እንዲይዝ ጊዜ ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የምርምር ጽሑፍ፣ ከጌሾ ቅጠል የተለየውን አንድ መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። እናቶች በምላሳቸው ሲመዝኑት የኖሩት ምሬት በዚህ መንገድ በቤተ ሙከራም ስም አግኝቷል።

ጠማቂዎች ጌሾ «ጠላውን ያስነሣዋል» ሲሉ ይሰማል። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። በጌሾው ቅጠልና እንጨት ላይ የሚኖሩ እርሾዎች ከጌሾው ጋር ወደ ጥንስሱ ይገባሉና። ከዚህ ሌላ የቀደመው ጥመቃ እርሾ በጋኑ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ከብቅሉም ጋር ይመጣል።

ሆፕስና ጌሾ

የቢራ ፋብሪካዎች ለዚሁ ዓይነት ሥራ የሚጠቀሙበት ተክል ሆፕስ ይባላል። ሆፕስ በገመድ ላይ ተጠማዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን የሚፈለገው ክፍል ከሴቴው ተክል የሚለቀመው አበባ ነው። በአውሮፓ በ12ኛው ምዕተ ዓመት የኖረችው ጀርመናዊት መነኩሲት ሒልደጋርድ ስለ ተክሎች ስትጽፍ የሆፕስ ምሬት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ አመልክታለች። እ.ኤ.አ. በ1516 በባቫሪያ የወጣው ሕግ ደግሞ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ አዟል።

በኢትዮጵያ በፋብሪካ ደረጃ ቢራ መጥመቅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 በተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካዎች ሆፕስን የሚያስመጡት ከውጭ አገር ነው። ተክሉ አበባውን በሚገባ እንዲሰጥ በበጋው ወራት ረጅም ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በዓለም ላይ በይበልጥ የሚለማው ከምድር ወገብ በሰሜንም ሆነ በደቡብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን በሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ከተለመደው ክልል ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው የደቡብ አፍሪካዋ የጆርጅ ከተማ አካባቢ እንኳ ሆፕስ ለማልማት፣ ቀኑን በኤሌክትሪክ መብራት እስከ ማስረዘምና ለአጭር ቀን የሚስማማ ዘር እስከ ማውጣት ተደርሷል። ጌሾ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ነፃ ነው። አገሩ እዚሁ ነውና።

በሁለቱ መካከል የአሠራር ልዩነትም አለ። ሆፕስ ምሬቱንና ጠባቂነቱን የሚሰጠው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህልና ከዚያም በላይ ሲፈላ ነው። ለጠላ የሚሆነው የጌሾ ቅጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ እሳት አይነካውም። ደርቆና ተወቅጦ ለቀናት በውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሙቀት በሆፕስ ላይ የሚሠራውን፣ በጌሾ ላይ ጊዜ ይሠራዋል። በመሆኑም ጥንስሱን ማጣደፍ ጌሾውን በከንቱ ማባከን ነው።

ከጥንስስ እስከ ምርጊት

የጠላ አጠማመቅ ከአገር አገር፣ ከቤት ቤትም ይለያያል። በሸዋና በአዲስ አበባ ዙሪያ የተለመደው አሠራር ግን በአመዛኙ የሚከተለውን መንገድ የያዘ ነው።

በመጀመሪያ ጋኑ ይዘጋጃል። በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያም በሚጤስ የወይራ ስንጥር ላይ ተደፍቶ ጢሱን እስኪጠጣ ይቆያል። የወይራው ጢስ ለጠላው ጥሩ ሽታ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቁ ጎጂ ሕዋሳትን ያዳክማል። ሸክላው በእሳት የተጠበሰ ቢሆንም ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት። በዚሁ በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኙት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ይህን የሸክላ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ቀጥሎ ጥንስሱ ይጠነሰሳል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ተከድኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል። በዚህ ላይ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመራል። ብቅል ማለት ርሶ በኮባ ወይም በሌላ ቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ የደረቀ ገብስ ወይም ስንዴ ነው። በመብቀሉ ጊዜ በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆርጡታል። ብቅል ከሌለ እርሾው የሚበላው አያገኝም።

ጥንስሱ ሲነሣ፣ ማለትም አረፋ ሲያወጣና ሽታው ሲለወጥ፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል። እህሉ ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶና በምጣድ ላይ ታምሶ የሚዘጋጀው እንኩሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ከጥንስሱ ጋር ይቀላቀላል። ተጨማሪ የጌሾ ዱቄት ወይም የተከተከተ የጌሾ እንጨት የሚያስገቡም አሉ። የጠላው ቀለም መጥቆርና መቅላት የሚመጣው ከእህሉ ቁላትና ከእንኩሮው ነው። ድፍድፉ ለጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ውሃ ተሞልቶበት የጋኑ አፍ በጨርቅ ይታሰራል፤ በጭቃም ይመረጋል። ሲወርድ ያልተጠለለው ጉሽ ይባላል። በዝቃጩ ላይ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮበት የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ፣ በመጨረሻ የሚቀረውም አተላ ነው።

ሸጎሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ብርድ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት እርሾው ይዘገያል። ስለዚህ በቆላ አገር በሁለት ቀን የሚነሣው ጥንስስ እዚህ ተጨማሪ ቀን ሊጠይቅ ይችላል። የቀን ቁጥር ከመቁጠር አረፋውንና ሽታውን ማየት ይሻላል። ጋኑን ከቀዝቃዛው ግድግዳ ማራቅና በጆንያ መጠቅለልም ይረዳል።

ጌሾ የማይሠራው ሥራ

ብዙ ጠማቂዎች ጠላ ሲበላሽባቸው በሚቀጥለው ጊዜ የጌሾውን መጠን እጥፍ ያደርጋሉ። ይህ ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም። ጠላን የሚያሆመጥጡት ባክቴሪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የተወሰኑት በምሬቱ ሲገቱ፣ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን በይበልጥ የሚገቱት አየር ሲከለከሉ ነው። እነዚህ ያለ አየር አይሠሩም። ምርጊቱ የተሰነጠቀ ወይም በየሰዓቱ የሚከፈት ጋን ጌሾው የቱንም ያህል ቢበዛ መሆምጠጡ አይቀርም። በፋብሪካ ቢራም ቢሆን ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ሆፕስ ያለበት ቢራ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ይበላሻል።

ስለዚህ ሦስቱ ጠባቂዎች ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ግራዋውና ወይራው ጋኑን ያጸዳሉ። ጌሾው ጥንስሱንና ድፍድፉን ይጠብቃል። ምርጊቱ ደግሞ የደረሰውን ጠላ ከአየር ይከላከላል። አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። በምሳሌው ላይ ያሉት አሮጊት ስለ ጌሾው ከጠየቁ በኋላ ስለ ጋኑ የጠየቁት ለዚህ ነው።

ጌሾ ሲበዛ ምሬቱ ጠጪውን ያሸሻል። ከዚህም በላይ በጌሾ ቅጠል ውስጥ ኢሞዲንን የመሰሉ ሆድ የሚያላሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉ ከልክ ማለፉ ለጤናም አይበጅም። ልኩን ለማወቅ የሚሻለው ዘዴ በአንድ ጣሳ እየሰፈሩ፣ ለየጋኑ የገባውን መጠንና የወጣውን ጣዕም ማስታወስ ወይም በልጅ እጅ በደብተር ማስጻፍ ነው። በዓይን ግምት የሚጠመቅ ጠላ ጣዕሙ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ደንበኛም ይሸሻል።

በሸክላ ጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜል የሚጠቀሙ ጠማቂዎችም አሉ። በርሜሉ አይሰበርም፤ ለማጠብም ይቀላል። ነገር ግን በጢስ አይታጠንም። ስለዚህ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቃልቆ በፀሐይ መድረቅ አለበት። የተጫረ በርሜል በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚይዝ መለወጥ ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ቀድሞ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ለጠላ ማዋል ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ከአጥሩ ሥር

ጌሾ በኢትዮጵያ ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ይበቅላል። ከዚህ አንጻር የሸጎሌና የእንጦጦ ግርጌ አየር ለጌሾ የተመቸ ነው። ሰፊ መሬትም አይጠይቅም። በአጥር ሥር በአንድ ረድፍ የተተከሉ ጥቂት እግር ጌሾዎች አጥርም፣ የጥመቃ ቅጠልም ይሆናሉ። ጥቃቅኖቹ አበቦቹ ለንብ ቀሰም ስለሚሰጡ ቀፎ ላለው ቤተሰብ ሌላ ጥቅም አላቸው።

ችግኙ የሚገኘው ከዘር ነው። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይም ወደ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ይለቀማል። ሥጋው በእጅ ታሽቶ በውሃ ይለያል፤ ዘሩም በጥላ ይደርቃል። ዘሩን ሳያከርሙ መዝራት ይመረጣል። መደቡ ደቃቅ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ያለው፣ ከላይም በሣር ዳስ የተጠለለ ይሁን። ቦታ የሌላት እናት በፕላስቲክ ከረጢት ወይም ከሥሩ በተበሳ አሮጌ ቆርቆሮ ልታፈላ ትችላለች። ዘር ማፍላት የማይመቻት ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ወይም ጌሾ ካላት ጎረቤት መጠየቅ ነው።

ችግኙ ወደ ቦታው የሚዛወረው ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮ ፍግ ሊገባበት ይገባል። በእግርና በእግር መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ያህል መተው በቂ ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይመረጥም። በተለይ በዚህ አካባቢ ሊዘነጋ የማይገባው የባሕር ዛፍ ጉዳይ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ግርጌ የሸፈነ ሲሆን ሥሩ ውሃና ምግብ ስለሚሻማ ከአጠገቡ የተተከለ ጌሾ ይቀጭጫል።

በመጀመሪያው በጋ ችግኙ ውሃ ይፈልጋል። የልብስ ማጠቢያ ሳሙና የሌለበት የእህልና የአትክልት እጣቢ ሊሰጠው ይችላል። ከኅዳር ጀምሮ በሚወርደው ውርጭ ለጋው ቅጠል እንዳይመታ ሌሊት ሌሊት በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል። ሥሩ ከያዘ በኋላ ግን ጌሾ ብዙ ዓመት የሚቆይ ተክል በመሆኑ ኮትኩቶና ፍግ ሰጥቶ ከመጠበቅ በቀር የከበደ ሥራ የለበትም። ፍየልና በግ እንዳይቀረጥፉት ግን መከለል ይገባል። የከብት ገበያ ባለበት ሠፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለቀማና አደራረቅ

ቅጠል መልቀም የሚጀመረው ተክሉ በቦታው ከተተከለ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም ጥቂት ብቻ ይለቀማል። የሚለቀመው የጠነከረውና ጥቁር አረንጓዴ የሆነው የበሰለ ቅጠል ነው። ለጋው ጫፍ ለሚቀጥለው እድገት ይተዋል። አንድን ቁጥቋጦ በአንድ ጊዜ መላጣ ማድረግ ተክሉን ያደክመዋል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቅርንጫፍ መግረዝ ግን አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ያደርገዋል። የተገረዘው እንጨት ተከትክቶ ለድፍድፍ ወይም ለጠጅ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚጣል ነገር የለም።

የተለቀመው ቅጠል መሬት ላይ አይሰጣም፤ አፈር ይይዛልና። በሰሌን ወይም በንጹሕ ጆንያ ላይ ሳሳ ብሎ ተሰጥቶ በቀን ደጋግሞ መገላበጥ አለበት። ማታ ጤዛ ሳይነካው ይገባል። ለመልቀሚያም ለማድረቂያም የሚስማማው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚህ ወቅት የደረቀ ቅጠል ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ይደርሳል። ገበያው በሚወደድበት ወር ጠማቂዋ ከጓዳዋ ታወጣለች።

በሚገባ የደረቀ ቅጠል በእጅ ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፤ ቀለሙም አረንጓዴነቱን አይለቅም። ሳይወቀጥ ከነቅጠሉ በጆንያ ወይም በእንቅብ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። መወቀጥ ያለበት ለጥመቃ ሲፈለግ ብቻ ነው። አስቀድሞ የተወቀጠ ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ጣዕሙም ጥንካሬውም ይቀንሳል።

ከገበያ የምትገዛም ብትሆን እነዚሁ ምልክቶች ይጠቅሟታል። ቡናማ የሆነ፣ የሻገተ፣ አፈርና ባዕድ ቅጠል የተቀላቀለበት ጌሾ በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው። ከመግዛት በፊት ጥቂት ቆንጥሮ ማኘክ ነውር የለውም። ምሬቱ ቶሎ የሚመጣና ምላስ ላይ የሚቆይ ከሆነ ጌሾው ጌሾ ነው። የተወቀጠውን ከመግዛት ይልቅ ቅጠሉን ከነመልኩ መግዛት ይሻላል፤ በዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ዓይን አይለይም።

ከአተላው እስከ ባሕር ማዶ

የጋኑ ጥቅም በጠላው አያበቃም። አተላው በሸጎሌ ዙሪያ የወተት ላም ለሚያረቡና በግ ለሚያደልቡ ሰዎች መኖ ነው። ነገር ግን በውስጡ አልኮልና አሲድ ስላለ እንስሳው እስኪለምደው ከጭድ ወይም ከድርቆሽ ጋር በጥቂት በጥቂቱ መሰጠት ይገባዋል። የከረመና የሻገተ አተላ ደግሞ ከብት ይጎዳል። አተላውን በየዕለቱ ለሚወስድ ከብት አርቢ ጎረቤት መሸጥ፣ ወይም በፍግ መለወጥ ይቻላል። ያ ፍግ ተመልሶ ወደ ጌሾው ሥር ይገባል።

የጌሾ ተፈላጊነት ዛሬ ከአገር ውስጥ አልፏል። በዋሽንግተንና በሌሎች የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጠላና ጠጅ ስለሚጠምቁ በሱቆቻቸው የደረቀ ጌሾ ይሸጣል። በውጭ አገር በቤታቸው መጠጥ የሚጠምቁ ፈረንጆችም ጠጅ ለመሞከር ይገዙታል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው በአጥር ሥር የምትበቅለው ይህች ቁጥቋጦ ገበያ የማታጣ መሆኗን ነው።

በምሳሌው ላይ ወዳለችው እናት ሲመለስ፣ በአጥሯ ሥር ዛሬ ስድስት እግር ጌሾ ብትተክል የዘንድሮን ብድር አይከፍልላትም። በሚመጣው ዓመት ጥቂት ቅጠል፣ ከዚያ ወዲያ ግን እየጨመረ የሚሄድ ምርት ታገኛለች። ጋኗን አጥና፣ ቅጠሏን ራሷ አድርቃና ምርጊቷን አጥብቃ ከጠመቀች በጥር ወር የሚመጣላትን የሠርግ ትእዛዝ ሳትፈራ ትቀበላለች። እማማም ሲጠሩ የሚመጡት ጠላ ለመፍረድ መሆኑ ይቀርና ለመቅመስ ይሆናል።

ሐምሌ ሳይገባ ጉድጓዱን መቆፈር፣ ፍጉን ማዘጋጀትና ችግኙን መፈለግ የሰኔ ሥራ ነው።